ባጭሩ፣ ወገቧን ነው

እናቴ ሕመሟን ስትናገር የምትጀምረው ከተረከዟ ነበር። ወገቧ አላስቀምጥ አላስነሳ ብሏት በኮንጋ በኩል ካለው ቀበሌያችን ዲላ ድረስ በአውቶቡስ የመጣች ሴት፣ ክሊኒክ ውስጥ የጤና ባለሙያው ፊት እንደተቀመጠች ቀኝ እግሯን ዘረጋች፣ ተረከዟን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች፣ ከዚያ በጌዴኦኛ ትተርክ ጀመር። እኔ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ከጎኗ ቆሜያለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት የተጠራሁት ላስተረጉምላት ነው።

ያን ጊዜ ልጁን ከተማ ልኮ የሚያስተምር የገጠር ቤተሰብ ሁሉ የራሱ አስተርጓሚ ነበረው። ሰው ሲታመም፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲደርስ፣ የሆነ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሲኖር ልጁ ከክፍል ይጠራል። ዲላ የጌዴኦ ከተማ ናት፤ የገበያዋም የመሥሪያ ቤቷም መግባቢያ ግን አማርኛ ነው። ጌዴኦው ከጉራጌው፣ ሲዳማው ከኦሮሞው የሚጨቃጨቀውም የሚታረቀውም በአማርኛ ነው። የእናቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር። ዋጋ ትጠይቅበታለች፣ ትከራከርበታለች፣ የሰው ደህንነት ትጠይቅበታለች፤ ከዚያ ወዲያ አያስኬዳትም። ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ማድረግ ደግሞ ልማዷ ነው። ቀሚስ ለብሼ አጠገቧ እንደቆምኩ፣ "ልጄ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ይማራል" ብላ ለሰው ታስተዋውቀኝ ነበር።

የዚያን ቀን የተናገረችው ይኼ ነው። ተረከዟን ማመም የጀመራት የቤታችን የሣር ክዳን በቆርቆሮ በተለወጠበት ዓመት ነው። ጠዋት ከመኝታዋ ተነስታ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትረግጥ ሚስማር የወጋት ያህል ያማታል፤ ትንሽ ስትሄድበት ይለቃታል። ችግሩ፣ እንሰት ስትፍቅ የምትይዘው በዚያው ተረከዝ መሆኑ ነው። እንሰት የሚፋቀው መሬት ተቀምጦ ነው፤ የእንሰቱን ወፍራም ገላ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አጋድማ፣ አንድ እግሯን ሰቅላ ከላይ በተረከዟ ጠፍንጋ ትይዝና በሁለት እጇ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ተረከዙ አልይዝ ሲላት እግር ቀየረች። በግራዋ መያዝ ስትጀምር ሰውነቷ ወደማያውቀው ጎን ተጠመዘዘ፤ ብዙም ሳይቆይ የግራ ጉልበቷ ያብጥ ጀመር። ጉልበቷ እንዲያርፍላት ብላ ውሃ የምትሸከምበትን ትከሻ ለወጠች። ትከሻው ደግሞ አንገቷን ጠራ። ቡና ሲደርስ በማጠቢያ ጣቢያው ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ፍሬ ስትለቅም ትውልና፣ ማታ የምትተኛበት ጎን ታጣለች። ወገቧ የመጣው እንቅልፍ ካጣች በኋላ ነው። "ወገቤ እንግዳ ሆኖ አልመጣም" አለችው ባለሙያውን በጌዴኦኛ፣ የሚሰማት ይመስል ዓይን ዓይኑን እያየች፤ "ዘመዶቹ ቀድመውት ገብተው ነበር።"

እያንዳንዷ ቃል ገብታኛለች። ጌዴኦኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ እንዴት አይገባኝ?

"ምን አለች?" አለኝ ባለሙያው፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ።

"ባጭሩ፣ ወገቧን ነው" አልኩት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ አንዲት የክፍሌ ልጅ ከእናቷ ጋር ተራ ትጠብቃለች። ይቺ ልጅ ማን እንደሆነች ለመናገር ትንሽ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሰባተኛ ክፍል ከገጠር እንደመጣሁ አንድ ቀን አርፍጄ ስገባ መምህሩ ምክንያቱን ጠየቀኝ። "እናቴ መጣ" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረና "እናቴ መጣ" ተባልኩ፤ ስሙን ያወጣችልኝም አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት። እኔም ቂም ያዝኩ። የሚገርመው ግን ቂሙን የያዝኩት በሳቁብኝ ልጆች ላይ አይደለም፤ በገዛ ቋንቋዬ ላይ ነው። በዓመቱ አማርኛዬን እንከን የለሽ አደረግሁት። ጌዴኦኛ መናገር አቆምኩ።

እና ያን ቀን እናቴን አንድ ነገር ለማጣራት እንኳ በጌዴኦኛ ብጠይቃት ልጅቷ ትሰማለች። የእናቴ ድምፅ ራሱ በዝቶብኝ ነበር። ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፤ በሸለቆ ማዶ ለማዶ የሚጠራራ ሰው ድምፅ ነው ያላት። ያ ወሬ ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ ብቻ እጸልይ ነበር።

"ጎኗንም ያማታል?" አለኝ ባለሙያው።

"አዎ" አልኩት። እሷን አልጠየቅኳትም።

"ኩላሊት ነው።"

በእኛ አገር ከጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ኩላሊት ነው። ሰው ወገቡን ይዞ ካቃሰተ፣ አላፊ አግዳሚው "ኩላሊት ነው፣ ውሃ ጠጣ" ብሎት ያልፋል። ባለሙያው ላይ መፍረድ አይቻለኝም፤ ከእኔ የሰማው ወገብና ጎን ብቻ ነው። ክኒን ሰጣት፣ ውሃ በብዛት ትጠጣ አለ፣ ቀጣዩን ሕመምተኛ ጠራ። እናቴ የተዘረጋ እግሯን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ከመነሳቷ በፊት አፌን አየችው። ፊቴን ሳይሆን አፌን። ያን ሁሉ ተናግራ ሦስት ቃል ሆኖ ሲወጣ አይታለች።

ዲላ የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነበር። አክስቴ ሱቅ ካላቸው፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከመጡ ነጋዴዎች ቤት ተድራ፣ ከእህቷ ጋር እንኳ በጌዴኦኛ የምታወራው ደንበኛ ከሱቁ ሲወጣ ነው። ከክሊኒክ ስንመለስ እናቴ ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል ከእሷ ጋር ተቀመጠች። እኔ መደርደሪያው ጋ ሳሙና እደረድር ነበር። እናቴ በጌዴኦኛ እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦ "ልጅቷ ቋንቋው እየጠፋባት ነው። የገባትን ያህል ነገረችው፤ ምን ታድርግ።"

ይኼን ስሰማ ማልቀስ ነበረብኝ። ግን ደስ ነው ያለኝ። መደበቂያ ጉድጓድ አገኘሁ፤ ቆፍራ የሰጠችኝም እሷው ናት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የኩላሊት ዓመታት ናቸው። የማታውቀው ሰው ሁሉ ለእናቴ ኩላሊት መድኃኒት ያውቃል። የገብስ ውሃ ተፈላላት። ቀዝቃዛ መሬት ላይ አትቀመጪ ተባለች፤ መሬት ሳይቀመጡ እንሰት የሚፋቅበትን ዘዴ ግን የነገራት የለም። የእንሰት ቅጠል ደርባ ደርባ ታነጥፍና ተቀምጣ ትፍቃለች። ውሃ ደግሞ አጠጣናት። እኔ ራሴ ለእረፍት ቤት ስሄድ ጣሳ ይዤ ከኋላዋ እዞራለሁ፣ "ጠጪ እንጂ፣ ሐኪም ያዘዘው ነው" እያልኩ፣ በአማርኛ። ያ ሁሉ ውሃ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ሽንት ቤቱ ከቤቱ ኋላ ቁልቁለት ላይ ነው። ገና ከመኝታዋ ስትነሳ በዚያ በሚስማር እግር ቁልቁለት መውረድ፣ በዚያ ባበጠ ጉልበት መቀመጥና መነሳት። ሕመሟን ልናድን ብለን በየሰዓቱ ወደ ሕመሟ ላክናት። ይኼን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ጥሩ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ስለ ቋንቋውም ልንገራችሁ። እናቴ "ጠፋባት" ካለች በኋላ እኔም እንደጠፋብኝ ሆንኩ። በጌዴኦኛ ስትጠይቀኝ በአማርኛ እመልሳለሁ። ለመረዳት የቸገረኝ መስዬ ግንባሬን እቋጥራለሁ። የቀበሌያችን ሴቶች ሲያሾፉባት፣ "ከተማ ልከሽ ፈረንጅ አድርገሽ አመጣሻት" ሲሏት፣ "ቋንቋው ቢወጣባት ትምህርቱ ገብቶላታል" ብላ ትከራከርልኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው፤ እነሱ ሲያሾፉ ምን እንዳሉ ሁሉ እየሰማሁ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፈገግ እልላቸዋለሁ።

ቀስ በቀስ እናቴ ለእኔ ስትናገር አረፍተ ነገሯን ትቆርጥልኝ ጀመር። ትንንሽ ቃል ትመርጣለች። "ብዪ።" "ነይ።" "ዝናብ መጣ።" በእጇ ታሳየኛለች፤ እንግዳ አገር ሰው እንደሚያናግሩት። ለጎረቤቷ አንድ ነገር ስትተርክ ድሮ እንደምታውቋት ናት፤ ከሥሩ ጀምራ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዝናቡ በየት በኩል እንደመጣ፣ ላሟ ምን እንዳደረገች ትናገራለች። ወደ እኔ ስትዞር ግን ታጥራለች። እኔ እሷን ክሊኒክ ውስጥ አንድ ጊዜ አሳጠርኳት፤ እሷ ራሷን ለእኔ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ስታሳጥር ኖረች። ከእናቴ አፍ ስንት ወሬ እንዳመለጠኝ አስቤ አልጨርሰውም።

ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። የማስተምረው ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ አማርኛ ነው። ዲላ ውስጥ "እናቴ መጣ" የሚሉ ልጆችን "እናቴ መጣች" በሉ እላለሁ፤ ማንም እንዳይስቅባቸው አንድ ዓይኔን ክፍሉ ላይ አድርጌ። ምንባብ አንብበው ፍሬ ነገሩን አሳጥረው እንዲጽፉም አስተምራለሁ። በዚህ ጎበዝ ነኝ። ማሳጠር የሚባለውን ነገር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አላየሁም።

ቆሞ ማስተማር እግር ይበላል። ባጃጅ ከተማውን በሞላበት፣ ሰው ሁሉ ሞባይል በያዘበት ዘመን ላይ፣ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ ስረግጥ ተረከዜን ሚስማር ወጋኝ። ጮህኩ። ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁት፤ ምንም የለም። ትንሽ ስራመድ ለቀቀኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ተረከዜን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው፣ እጄ የእናቴ እጅ ሆኖ ታየኝ። እዚያው ቀረሁ። ያን ቀን ትምህርት ቤት የደረስኩት አርፍጄ ነው።

ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩኝ። ባለሙያዋ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። ተረከዜን አየችና፣ ስለ ተረከዜ ትንሽ ጠየቀችና፣ ወደማልጠብቀው ሄደች።

"ሌላ ቦታስ? ጉልበትሽን? አንገትሽን? ትከሻሽን?"

"ተረከዜን ነው ያልኩሽ" አልኳት እየሳቅሁ።

"ሰምቻለሁ። ወገብሽንስ?"

"ወገቤ ደህና ናት" አልኳት፤ ከዚያ "ደህና ነው" ብዬ አረምኩ። ስደነግጥ የእናቴ አማርኛ ይመጣብኛል። "ለምንድን ነው ስለ ወገብ የምትጠይቂኝ?"

ረጋ ብላ አስረዳችኝ። አንድ ቦታ ላይ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው፣ እግር ይሁን አንገት ይሁን፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ወገቡንም የመታመም ዕድሉ ይበዛል አለች። የሚያመው ቦታ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

"አረማመድ ስለሚበላሽ ነው?"

"አንዳንዴ ይሆናል። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት አለበት፣ ጭንቀት አለበት፣ ሰውነት ራሱ ሕመምን ይለምዳል። ለምን እንደሆነ ጥርት አድርገን አናውቀውም። ግን እንጠይቃለን፤ ሰው ወገቤን ብሎ ሲመጣም ከዚያ በፊት ምንህን ነበር ብለን እንጠይቃለን።"

ከዚያ በፊት ምንሽን ነበር። እናቴ ሳትጠየቅ የመለሰችው ጥያቄ ይኼ ነው። ከተረከዟ የጀመረችው ወሬ ስለምትወድ አልነበረም፤ ነገሩ የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

"አንዲት ሴት" አልኳት፣ "ተረከዟን፣ ከዚያ ጉልበቷን፣ ከዚያ ትከሻዋንና አንገቷን፣ በመጨረሻ ወገቧን ያማት ሴት ያኔውኑ ሁሉንም ተናግራ ቢሆን ኖሮ ይቀርላት ነበር?"

ስለማን እንደማወራ አልጠየቀችኝም። "ምናልባት" አለች። "አልዋሽሽም፤ ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ግን ቢያንስ ወገቧን ብቻ አያክሙላትም ነበር።"

"ምናልባት" የምትለዋን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አዎ ብትለኝ ራሴን ረግሜ ይወጣልኝ ነበር። አይደለም ብትለኝ ደግሞ እተኛ ነበር። ምናልባት ግን አያስተኛም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እናቴ በሽታዋን አልደበቀችም፤ እግሯን ዘርግታ፣ በዚያ ለሸለቆ በሚበቃ ድምፅ ተናገረች። የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ሄጄ አመጣኋት። ያን ጊዜ ወገቧ እንሰት መፋቅ አስትቷታል። በቤቷ ዙሪያ የተከለችውና ያሳደገችው እንሰት ደርሶ ቆሟል፤ የሚፍቁላት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። እነሱ ሲፍቁ እሷ ደጃፉ ላይ ወንበር ወጥቶላት ትቀመጣለች። የእኛ አገር ሴት እንሰቷን ሌላ ሰው ሲፍቅላት ማየት ምን እንደሆነ ከውጭ ላለ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። ያየኋት ቀን አንደኛዋን ሴት፣ "እንደዚያ አይደለም፣ ወደዚህ አዘንብዪው" እያለች ከወንበሯ ላይ ታስቸግራታለች፤ ሴትየዋም በሳቅ፣ "እንግዲያው ነይና ፍቂው" አለቻት። እናቴም ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷን አዞረች።

ሆስፒታል የምንገባበት ጠዋት በባጃጁ ውስጥ በአንድ ጎኗ ተቀምጣ፣ መንገዱ ባነሳት ባፈረጣት ቁጥር ክንዴን ትጨብጣለች። እኔ በልቤ እየተዘጋጀሁ ነበር። ዛሬ ከተረከዟ ትጀምራለች፣ እኔም አንዲት ነገር ሳላስቀር እናገርላታለሁ። በሩ ቢከፈትም፣ አግዳሚው ላይ አገር ምድሩ ቢቀመጥም። ይኼን ያህል ብቻ ነው የፈለግሁት፤ የዚያን ቀን የነጠቅኳትን ወሬ መመለስ።

ባለሙያዋ ወንበር አቀረበችላት። "እማማ፣ እስኪ ይንገሩኝ፣ ምንዎን ነው የሚያመዎት?"

ላስተረጉም አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። በአማርኛ። "ወገብ ናት" አለች። "እሷ ብቻ ናት። ሌላ የለም።"

እግሯን አልዘረጋችም። ሁለቱንም ገጥማ ከወንበሩ ሥር አስገብታቸዋለች።

"እማዬ፣ ሌላውንም ንገሪያት እንጂ" አልኳት። "ተረከዝሽን። ጉልበትሽን።"

ወደ እኔ ዞረችና፣ ለእኔ ብላ በምትመርጣቸው በእነዚያ ትንንሽ የጌዴኦኛ ቃላት፣ "ሐኪም ረጅም ወሬ አይወድም" አለችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም። የምታውቀውን አንድ የከተማ ሥርዓት እያስታወሰችኝ ነው፤ ማን እንዳስተማራት ግን እኔም አውቃለሁ።

የምመልስላት ወሬ አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እሷም ጠፍቶ እንዲቀር ተስማምታለች። ባለሙያዋ ሁለታችንንም እያየች ትጠብቃለች። ስለዚህ እኔው ጀመርኩ። "የሚጀምረው ከተረከዟ ነው" አልኩ፣ "የቤታችን ሣር በቆርቆሮ የተለወጠበት ዓመት።" ጠዋት ስለሚወጋት ሚስማር ነገርኳት። እንሰቱን በየትኛው እግሯ ትይዝ እንደነበር፣ ስትቀይር ሰውነቷ ወዴት እንደተጠመዘዘ፣ የግራ ጉልበቷ እንዴት እንዳበጠ፣ ውሃ የምትሸከምበትን ትከሻ ለምን እንደለወጠች፣ ትከሻው አንገቷን እንደጠራ። ስለ ማድረቂያ አልጋውና ማታ ስለሚጠፋባት ጎን ነገርኳት። ቀድሞ በአፌ ያልወጣ ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይስት መጣ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። "ወገቧ እንግዳ ሆኖ አልመጣም" ብዬ ጨረስኩ፤ "ዘመዶቹ ቀድመውት ገብተው ነበር።"

እናቴ አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ግን ተረከዝም ጉልበትም ትከሻም ዘመድም ገበያ ውስጥ ያሉ ቃላት ናቸው። በመሃል ቀና ብላ አፌን ማየት ጀምራ ነበር። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ስትሰማ እጇ ጭኗ ላይ ቀጥ አለ።

ከዚያ ተናገረች፣ በጌዴኦኛ። ትንንሾቹን ቃላት አልመረጠችም። በእጇም አላሳየችኝም። ለጎረቤቶቿ በምትናገርበት፣ ለእኔ ተናግራበት በማታውቅበት ሙሉ ቋንቋ ነው የተናገረችው። ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ንዴት የለበትም። ንዴት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"ምን አሉ?" አለችኝ ባለሙያዋ።

"ምንም" ልላት ነበር። "እያመሰገነችሽ ነው" የምትል ውሸትም አፌ ላይ ደርሳ ነበር። እናቴ አሁንም አፌን ታያለች።

"እንዲህ ነው ያለችው" አልኳት። "'ያን ቀን ሁሉም ገብቶሽ ነበር? እኔ እኮ ልጄ ቋንቋው ጠፍቶባት ነው እንጂ ብትሰማኝማ ኖሮ ትናገርልኝ ነበር እያልኩ፣ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ስከራከርልሽ ኖርኩ።'"